ደብዳቤ ጠባቂውን ማን ጠየቀው?

ከብዙ ዓመታት በፊት ባደግንባት አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ፖስታ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሚወርድ ከረጢት ነበር። ከከረጢቱ የሚወጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የራሳቸው ሣጥን ላላቸው ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያውና ለጥቂት ነጋዴዎች የተላኩ ሲሆኑ፣ የቀረው ሕዝብ ደብዳቤ የሚደርሰው በእነዚሁ ሣጥኖች «በአቶ እገሌ በኩል» እየተባለ ነበር። በጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት በሩቅ አገር ወታደር የሆነ ልጅ ስለ ነበራቸው፣ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እኛም ከክፍል ስንወጣ፣ «ልጆቼ፣ ፖስታ መጣ ወይ?» ሲሉን፣ «አልመጣም እማማ፤ ለዓርብ ይመጣል» ማለትን ለምደን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ፖስታው በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ብቻ እንዲመጣ ተወሰነ። ምክንያቱ ደብዳቤው ጥቂት፣ ወጪው ብዙ ነው የሚል ነበር፤ ምክንያቱም ሐሰት አልነበረም። ማስታወቂያ ተጽፎ በበር ላይ ተለጠፈ። ማንበብ የማይችሉት እማማ ግን ለአንድ ወር ያህል ማክሰኞ ማክሰኞ መጥተው መቀመጣቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ነገሩን ስናስረዳቸው የመለሱልን ቃል አጭር ነበር፤ «እኔን ማን ጠይቆኝ ልጆቼ?» አሉን።

የእኚህን እናት ቃል ያስታወሰን በእንግሊዝ አገር በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. ስለ ፖስታ የወደፊት ዕድል የተደረገው የሕዝብ ምክክር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብን የሚነካ ነገር ከመወሰኑ በፊት «ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቁ ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ማን ተጠየቀ? ጥያቄውስ የት ደረሰ? መልሱስ ምን ለወጠ? የሚሉት ነገሮች ከበስተኋላው አሉ። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ተማሪዎችና ዛሬ ተቀምጠው ላሉት ወጣት ሠራተኞች ትምህርት ይሆናል ብለን ስላሰብን ነገሩን በዚህ ገጽ ልናቀርበው ወደድን። የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርባቸው ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ለሁሉ በአንድ ዋጋ

በእንግሊዝ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የፖስታ ሕግ አንድ ትልቅ ቃል ኪዳን አለበት። ይኸውም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በአገሩ ውስጥ ወዳለው አድራሻ ሁሉ ደብዳቤ እንዲደርስ፣ ዋጋውም ለሁሉ አንድ እንዲሆን የሚያዝ ነው። በለንደን መካከል ለጎረቤት የሚላክ ደብዳቤና ከስኮትላንድ ደሴቶች ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ እስከ ደቡብ ጫፍ የሚሄድ ደብዳቤ የሚለጠፍበት ቴምብር ያው ነው። ፈጥኖ እንዲደርስ የፈለገ በማግሥቱ የሚደርሰውን የአንደኛ ማዕርግ ቴምብር ይገዛል፤ መቈየት የሚችል ደግሞ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የሚደርሰውን፣ ዋጋው ዝቅ ያለውን የሁለተኛ ማዕርግ ይገዛል።

ይህ ግዴታ የተጣለበት ድርጅት ሮያል ሜይል ይባላል። ለብዙ መቶ ዓመታት የመንግሥት ሀብት ሆኖ ከኖረ በኋላ በ2013 ዓ.ም. አክሲዮኑ ለግል ባለሀብቶች መሸጥ ጀመረ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በቼክ ተወላጁ ባለጠጋ በዳንኤል ክሬቲንስኪ ኩባንያ እጅ ገባ። ባለቤቱ ቢለዋወጥም ግዴታው አልተለወጠም።

የተለወጠው የሕዝቡ ልማድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ገደማ በዓመት 14.3 ቢሊዮን ያህል ደብዳቤ ይላክ የነበረው፣ በ2023 እና በ2024 ዓ.ም. መካከል በነበረው የሒሳብ ዓመት ወደ 6.6 ቢሊዮን ወረደ። ሰላምታው በስልክ፣ የባንክ ሒሳቡም በኢንተርኔት ሆነ። ፖስተኛው ግን ለአንድ ቤት የሚያደርሰው ደብዳቤ ቢያንስም፣ የሚሄድበት መንገድ ርዝመት አልቀነሰለትም። ገቢው ሲጐድል የቴምብሩ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። በኦክቶበር 2023 ዓ.ም. 1 ፓውንድ ከ25 ፔንስ የነበረው የአንደኛ ማዕርግ ቴምብር በኤፕሪል 2025 ዓ.ም. 1 ፓውንድ ከ70 ፔንስ ደረሰ። ዋጋው ሲወጣ ላኪው ይቀንሳል፤ ላኪው ሲቀንስ ዋጋው እንደ ገና ይወጣል። ነገሩ እባብ ጅራቱን እንደ መዋጥ ሆነ ማለት ይቻላል።

የፖስታን ሥራ የሚቈጣጠረው ኦፍኮም የተባለው መሥሪያ ቤት ይህን ተመልክቶ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 2024 ዓ.ም. አንድ ሰነድ አውጥቶ ሕዝቡን ጠየቀ። ደብዳቤ የሚታደልበት ቀን ከስድስት ወደ አምስት ወይም ወደ ሦስት ይቀነስ? ወይስ ቀኑ ሳይቀነስ አብዛኛው ደብዳቤ ቀስ ብሎ ይድረስ? የሚሉ ምርጫዎች ነበሩበት። ከእያንዳንዱ ምርጫ አጠገብ የሚያተርፈው ገንዘብ ግምት ተጽፎ ነበር። ወደ አምስት ቀን ቢቀነስ በዓመት ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ወደ ሦስት ቀን ቢቀነስ ከ400 እስከ 650 ሚሊዮን ፓውንድ ይተርፋል ተባለ። መልስ መስጠት ለሚፈልግም እስከ ኤፕሪል 3 ቀን ጊዜ ተሰጠው።

ባዶው ወረቀት

ሕዝቡ የመለሰውን ከመናገራችን በፊት፣ «ለሁሉ በአንድ ዋጋ» የተባለው ሐሳብ ራሱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እርሱም የመጣው ሕዝብ ተጠይቆ ሳይሆን፣ ሳይጠየቅ ተነሥቶ በመናገሩ ነውና።

ከ1840 ዓ.ም. በፊት በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚቈረጠው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ቅጠል ቍጥር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩም ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር። ከለንደን እስከ ኤዲንብራ ለሚሄድ ባለ አንድ ቅጠል ደብዳቤ ከአንድ ሺሊንግ በላይ ይከፈል ነበር፤ ይህም ለቀን ሠራተኛ ከባድ ዕዳ ነው። የፓርላማ አባሎች ግን ፊርማቸውን በላዩ እያኖሩ በነጻ ይልኩ ነበር። እንግዲህ ስለ ዋጋው ሊወስኑ የሚችሉት ሰዎች ዋጋው የማይነካቸው ነበሩ ማለት ነው።

ስለዚያ ዘመን የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ኮልሪጅ የተባለው ባለቅኔ በሰሜን እንግሊዝ ሲዘዋወር፣ አንዲት ሴት ከወንድሟ የመጣላትን ደብዳቤ አገላብጣ አይታ «የምከፍለው የለኝም» ብላ ለፖስተኛው ስትመልስ ያያታል። እርሱም አዝኖ ሺሊንጉን ከፈለላት። ፖስተኛው ከሄደ በኋላ ደብዳቤው ሲከፈት ባዶ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ለካ ወንድሟ ደኅና ከሆነ በየጊዜው ባዶ ወረቀት ሊልክላት ተስማምተው ኖሯል፤ እርስዋም የወረቀቱን ውጭ ብቻ አይታ፣ አንድ ሣንቲም ሳትከፍል፣ የወንድሟን ደኅንነት ትረዳ ነበር። ድኻ ለናፍቆቱ መላ አያጣም።

ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው፣ አስቀድሞ አስተማሪ የነበረ እንጂ የፖስታ ቤት ሹም ያልነበረ፣ በ1837 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አወጣ። በሒሳብ ተመራምሮ እንደ ደረሰበት፣ አንድን ደብዳቤ ከለንደን ኤዲንብራ ለማድረስ በመንገድ ላይ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛ እጅ ብቻ ነበር። ሌላው ወጪ የሚመጣው ርቀት በመለካት፣ ሒሳብ በመጻፍና በየበሩ ቆሞ ገንዘብ በመቀበል ነው። ስለዚህ ዋጋው ለሁሉ አንድ ፔኒ ይሁን፤ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል አለ። የፖስታ ቤቱ ሹማምንት ሐሳቡን እንደ ቅዠት ቈጠሩት። ነጋዴውና ሠራተኛው፣ የከተማውና የገጠሩ ሰው ግን በ1839 ዓ.ም. ከ2,000 የሚበልጡ ማመልከቻዎች እያስፈረመ ወደ ፓርላማ ላከ። ሕጉም ወጣ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1840 ዓ.ም. የአንድ ፔኒው ዋጋ ተጀመረ፤ የፓርላማ አባሎች በነጻ የመላክ መብትም በዚያው ዓመት ቀረ። በሜይ ወር የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር ወጣ። በ1839 ዓ.ም. 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው ደብዳቤ በ1840 ዓ.ም. ወደ 169 ሚሊዮን ከፍ አለ። ሹማምንቱ ሕዝቡ የማይጽፈው የሚጽፈው ስለሌለው ነው ብለው አስበው እንደ ሆነ፣ መልሱን በአንድ ዓመት ውስጥ አገኙት።

ሕዝቡ ምን መለሰ?

አሁን ወደ 2024 ዓ.ም. እንመለስ። ኦፍኮም ላቀረበው ጥያቄ መልስ ከሰጡት መካከል የፖስተኞች ማኅበር፣ የመጽሔት አሳታሚዎች፣ የመልካም ምኞት ካርድ ሻጮች፣ የጤና ድርጅቶችና የተጠቃሚ ጠበቆች ይገኙባቸዋል። የጋዜጣና የመጽሔት ሰዎች ቅዳሜ ከቀረ ገበያችን ይጐዳል አሉ። ስለ ሆስፒታል የሚያስቡት፣ የቀጠሮ ደብዳቤ ዘግይቶ ሲደርስ ሕመምተኛው ቀጠሮው ያመልጠዋል ብለው አሳሰቡ። የፖስታ ተጠቃሚዎችን ጉዳይ የሚከታተለው ሲትዝንስ አድቫይስ የተባለው ድርጅትም፣ በደብዳቤ መዘግየት ምክንያት የሐኪም ቀጠሮ ያለፈባቸው፣ የመቀጫ መክፈያ ቀን ያመለጣቸውና የመንግሥት ድጐማ ውሳኔ ሳያውቁ የቀሩ ሰዎች መኖራቸውን ደጋግሞ ተናገረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ረጅሙን የመንግሥት ሰነድ ከኢንተርኔት ላይ አውጥቶ፣ አንብቦ፣ መልስ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊና ጠበቃ ያለው ድርጅት ነው። ደብዳቤን ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ደግሞ ኢንተርኔት የሌለው ሽማግሌ፣ ከቤት የማይወጣ በሽተኛ ወይም በሩቅ ደሴት የሚኖር ገበሬ ነው። ጥያቄው በደንብ የሚደርሰው ለማይቸገረው ነው፤ የሚቸገረው ሰው ጥያቄ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ኦፍኮምም የተጻፈውን መልስ ከመሰብሰብ ጋር፣ ተራውን ሰውና አነስተኛውን ነጋዴ እያፈላለገ አስጠይቋል። ከዚያ የተገኘው መልስ ብዙ ሹማምንት የሚጠብቁት ዓይነት አልነበረም። አብዛኛው ሰው «ፈጥኖ ይድረስልን» አላለም። ዋጋው የሚቻል ይሁን፤ ይደርሳል በተባለበት ቀን ይድረስ፤ ይህ ከሆነ ጥቂት ቢዘገይ ግድ የለንም የሚል መንፈስ ነበረው።

ይህን ያለው በምክንያት ነው። በ2023 እና በ2024 ዓ.ም. መካከል በነበረው የሒሳብ ዓመት ከአንደኛ ማዕርግ ደብዳቤ 93 በመቶ በማግሥቱ መድረስ ሲገባው፣ የደረሰው 74.7 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህም ኦፍኮም በዲሴምበር 2024 ዓ.ም. በሮያል ሜይል ላይ 10.5 ሚሊዮን ፓውንድ መቀጫ ጣለ። በየቀኑ እመጣለሁ እያለ ከሚቀር እንግዳ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብሎ በቀኑ የሚመጣ ይሻላል፤ ባለቤቱ ቡናውን አፍልቶ የሚጠብቅበትን ሰዓት ያውቃልና።

የቅዳሜን ዕደላ ጨርሶ መሰረዝን በተመለከተ ግን የጊዜው መንግሥት ሐሳቡን እንደማይደግፍ አስቀድሞ አስታወቀ። ስድስቱ ቀን በሕግ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ያለ ፓርላማ ሊነካ አይችልም። ኦፍኮም በሥልጣኑ ወሰን ውስጥ ያለውን ሐሳብ አዘጋጅቶ ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 ዓ.ም. እንደ ገና ለአስተያየት አቀረበ። ሮያል ሜይልም አዲሱን አሠራር በ37 የማደያ ጣቢያዎች ላይ መሞከር ጀመረ። ጁላይ 10 ቀን ውሳኔው ተነገረ። የአንደኛ ማዕርግ ደብዳቤ እንደ ቀድሞው በሳምንት ስድስት ቀን ይታደላል። የሁለተኛ ማዕርግ ግን ቅዳሜ ቀርቶለት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ጊዜ አንድ ቀን እየዘለለ ይታደላል፤ አንዱን ሳምንት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ፣ ተከታዩን ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በማግሥቱ ይደርስ ዘንድ የታዘዘው መጠን ከ93 ወደ 90 በመቶ ዝቅ አለ፤ በዚያ ፋንታ ከመቶው 99 የሚሆነው ደብዳቤ ከሁለት ቀን በላይ እንዳይዘገይ የሚል አዲስ ትእዛዝ ተጨመረ። አሠራሩ ጁላይ 28 ቀን ተጀመረ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ነገሩ ተቃና ወይ? ቢሉ፣ መልሱ ገና ነው። በኦክቶበር 2025 ዓ.ም. ኦፍኮም ባለፈው የሒሳብ ዓመት ለዘገየው ደብዳቤ 21 ሚሊዮን ፓውንድ መቀጫ በድርጅቱ ላይ ጣለ። እንግዲህ ሕዝብን መጠየቅ ብቻውን ፖስተኛ አይቀጥርም፤ ከረጢቱንም አያደርስም። ነገር ግን ሕዝቡ የፈለገው ምን እንደ ነበረ በጽሑፍ ስለ ተቀመጠ፣ ድርጅቱ «አላወቅንም ነበር» ሊል አይችልም። የምክክር ትልቁ ጥቅም አንዱ ይህ ነው።

ዴንማርክ የሄደችበት መንገድ

የእንግሊዝ ሰዎች ስለ ቅዳሜ ሲከራከሩ፣ ከባሕር ማዶ ያለችው ዴንማርክ ከዚያ አልፋ ሄዳለች። በ2000 ዓ.ም. ገደማ 1.4 ቢሊዮን ያህል የነበረው የዴንማርክ ደብዳቤ በ2024 ዓ.ም. ወደ 110 ሚሊዮን ወረደ። በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሕግ ገበያውን ለሁሉ ከፈተ፤ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ዋጋ የማድረሱ የቀድሞ ግዴታም ቀረ። ፖስትኖርድ የተባለው የፖስታ ድርጅት ዲሴምበር 30 ቀን 2025 ዓ.ም. የመጨረሻውን ደብዳቤ አደለ፤ በ1624 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት ደብዳቤ አገልግሎት ከ401 ዓመት በኋላ ቆመ። 1,500 ያህሉ ቀይ የፖስታ ሣጥኖች ከየመንገዱ ተነቀሉ። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ሣጥኖች መካከል ለሽያጭ የቀረቡት በሰዓታት ውስጥ ተሸጠው አለቁ። ደብዳቤ ሳይከትበት የኖረ ሰው ሣጥኑን ለመታሰቢያ ገዛው።

በዴንማርክ ደብዳቤ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሌላ የግል ድርጅት ያመላልሳል። ዜጋው ከመንግሥት ጋር የሚጻጻፈውም በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። ሆኖም ዕድሜያቸው የገፋና በኢንተርኔት መጠቀም የማይችሉ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች ደብዳቤያቸውን ዛሬም በወረቀት ይጠብቃሉ። አገሩ ሀብታም፣ ሕዝቡ የተማረ፣ መንገዱ የተደላደለ ሆኖ እንኳ የሚጠብቅ ሰው አልታጣም። ቍጥሩ ሲያንስ ችግሩ አብሮ ያነሰ ይመስላል፤ ለሚጠብቀው ለአንዱ ሰው ግን ችግሩ ያው ሙሉ ነው።

እኛስ?

አገራችን ፖስታን ያወቀችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መልክና የአንበሳውን ምልክት ይዘው በፓሪስ ታተሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ በፊት መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ በእግሩ ይሄድ ነበር። በእኛ ዘንድ ፖስታ በአመዛኙ ወደ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት አይመጣም፤ በደብዳቤ ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቍ.» መጻፍ የተለመደውም ስለዚህ ነው። ሣጥን ለሌለው ሰው ደግሞ ባለ ሣጥኑ መካከለኛ ሆኖ ኖሯል። «ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ» የሚለውም ሰላምታ ዛሬ በወረቀት ፋንታ በስልክ ይነገራል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ እንደ እንግሊዞቹ ስለ ቅዳሜ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የአውቶቡስ መሥመር ሲለወጥ፣ የውኃ ቦኖ ሲዘጋ፣ የአንድ ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር፣ ጥያቄው ያው የእማማ ጥያቄ ነው።

አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲሉ፣ መካር ማለት በአጠገብ የተቀመጠው ባለሟል ብቻ አይደለም። ከወጣት ሠራተኞች አንዱ ነገ «የሕዝብ አስተያየት ሰብስብ» ተብሎ ቢታዘዝ፣ ከላይ ከተነገረው ታሪክ ጥቂት ነገር ይዞ ቢሄድ ደስ ይለናል። መጀመሪያ፣ ከመወሰኑ በፊት ይጠይቅ፤ ከተወሰነ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የተጠራው ለመመስከር እንጂ ለመመካከር አይደለም። ሁለተኛ፣ ወጪውንና ትርፉን ሳይሸሽግ ለሕዝቡ ይንገር፤ ሰው ዋጋውን ሲያውቅ ምክሩም የባለቤት ምክር ይሆናል። ሦስተኛ፣ ወደ አዳራሹ ያልመጣው ማን ነው? ብሎ ይጠይቅና እርሱ ወዳለበት ይሂድ፤ ገበያ ቢሆን ገበያ፣ ደጀ ሰላም ቢሆን ደጀ ሰላም፣ መስጊድ ቢሆን መስጊድ። አራተኛ፣ የተሰበሰበው አስተያየት ምን እንደ ለወጠና ምን እንዳልለወጠ ተመልሶ ለሰጪዎቹ ይንገር። ያለዚያ በሁለተኛው ጊዜ የሚመልስለት አያገኝም።

እነዚያ ማስታወቂያ የለጠፉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሒሳባቸውም ትክክል ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ቆም ብሎ «እማማ፣ በየትኛው ቀን ቢመጣ ይሻልዎታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ፣ ምናልባት «ዓርብ ገበያ ነው፤ ማክሰኞ ይሁንልኝ» ይሉት ነበር። ወጪው በዚያው መጠን በቀነሰ፤ እርሳቸውም አንድ ወር ሙሉ በከንቱ ባልተቀመጡ።